አእምሮው የደከመ ወላጅና የአስታማሚው ልብ

እጅግ ሩኅሩኅ፣ እጅግ አዛኝ በሆነው በአላህ ስም።

የመጀመሪያው ኹጥባ

ምስጋና ሁሉ ሰውን ደካማ ሕፃን አድርጎ ለፈጠረው፣ ከድካሙም በኋላ ብርታትን ለሰጠው፣ ከብርታቱም በኋላ ወደ ድካምና ወደ ሽበት ለሚመልሰው ለአላህ የተገባ ነው። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውን እንለምነዋለን፤ ምሕረቱንም እንጠይቀዋለን። ከርሱ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ እንመሰክራለን፤ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው መሆናቸውን እንመሰክራለን። የአላህ እዝነትና ሰላም በርሳቸው፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ፤ እርሱን የፈራ ከጭንቁ መውጫን ያገኛልና።

ዛሬ የምናገረው ነገር በሚንበር ላይ እምብዛም የማይነሣ፣ በብዙ ቤት ውስጥ ግን በሌሊት የሚለቀስበት ነገር ነው። ይኸውም ዕድሜው ገፍቶ አእምሮው የደከመበትን አባት ወይም እናት የሚያስታምም ሰው በልቡ የሚሸከመው ሸክም ነው። ስለ ወላጆች ሐቅ ብዙ ሰምተናል፤ ብዙም ተናግረናል። ይህን ሐቅ ሌሊትና ቀን ተሸክሞ ጉልበቱ ስለ ዛለበት ልጅ ግን ምን ያህል ተናገርን?

ይህን እንድናገር ያነሣሣኝ በዚሁ በጋምቤላ ከተማ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ሴት ናት። አባቷ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ አገሩን በመታው ጊዜ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደ አቦቦ ከመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚያ አዲስ አገር ሙቀቱንና ወባውን ችለው፣ መሬት አቅንተው ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ ማታ ማታም በማንጎ ዛፍ ሥር የጎረቤቱን ልጆች አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያስቀሩ ነበር። በኋላም ወደ ከተማ ገብተው ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀመጡ።

ዛሬ እኒያ መምህር የልጃቸውን ስም አያውቁትም፤ ከሞተች ብዙ ዘመን በሆናት በእኅታቸው ስም ይጠሯታል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በትራቸውን ያነሡና «ከብቶቹ አልገቡም፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ያ ቤታቸው ከአርባ ዓመት በፊት በወሎ ተራራ ላይ ጥለውት የመጡት ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ከባሮ ወንዝ ዳር ተገኝተው አንዲት አኙዋ ጎረቤት እጃቸውን ይዛ መለሰቻቸው። አንዱን ጥያቄ በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ ይጠይቃሉ። ያስቀመጡት ገንዘብ የጠፋ ይመስላቸውና የምታጎርሳቸውን ልጃቸውን ሌባ ይሏታል።

ይህች ሴት እንዲህ አለችኝ፤ «ሼኼ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት ጠግቤ ተኝቼ አላውቅም። ወንድሞቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዐረብ አገር ናቸው። ለዒድ ብር ይልካሉ፤ በስልክም ‹አባታችንን አደራ› ይላሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሌሊት ልብሳቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ከቀየርሁ በኋላ ‹ያ አላህ! ውሰዳቸውና እኔም ልረፍ› አልሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሶላት ስቆም አላህ የተቆጣኝ ይመስለኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

እኔም «እኅቴ ሆይ፣ ሰብር አድርጊ፤ አጅርሽ ትልቅ ነው» ብዬ አሰናበትኋት። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኔን ለመናገር ምንም አላስከፈለኝም። እርሷ ወደዚያ ቤት ተመለሰች፤ እኔ ወደ ምሳዬ ሄድሁ። በዚያች ማታ የተፍሲር ኪታብ ገልጬ በሱረቱል ኢስራእ ውስጥ የወላጆችን ሐቅ የሚናገሩትን አንቀጾች ሳነብ በራሴ ያፈርሁበትን ነገር አገኘሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ልብ በሉ። በዚህ ሱራ በ23ኛውና በ24ኛው አንቀጽ አላህ እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አስከትሎ ለወላጆች በጎ መዋልን አዘዘ። ከሁለቱ አንዳቸው ወይም ሁለቱም በእኛ ዘንድ ሆነው እርጅና ቢደርስባቸው የመሰልቸትን ድምፅ እንኳ እንዳናሰማቸው፣ እንዳንገላምጣቸው፣ በክብር እንድናነጋግራቸው፣ በትሕትና ዝቅ እንድንልላቸው፣ በሕፃንነታችን ስላሳደጉንም ለእነርሱ እዝነትን እንድንለምን ነገረን። እኛ ኹጥባ አድራጊዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ደርሰን እንቆማለን።

የሚቀጥለውን 25ኛውን አንቀጽ ግን ስንቶቻችን ከነዚህ ጋር አያይዘን እናነበዋለን? በዚያ አላህ በልባችን ውስጥ ያለውን ከማንም ይበልጥ እንደሚያውቅ፣ ደጎች ብንሆን ደግሞ ወደርሱ ለሚመለሱት መሓሪ እንደ ሆነ ይነግረናል። ከታቢዒዎች መካከል ታላቅ የተፍሲር ዐዋቂ የነበሩት ሰዒድ ኢብን ጁበይር ይህን ሲተረጉሙ፣ አንቀጹ ለወላጁ በጎ አሳብ እያለው አንዲት የችኮላ ነገር ያመለጠችውን ልጅ የሚመለከት መሆኑን ገልጠዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ልቡ ቀና እስከ ሆነ ድረስ በዚያች ስሕተት አይያዝባትም።

ተመልከቱ! ጌታችን ትእዛዙን ባወረደበት ስፍራ ለደከመው ምሕረቱንም አብሮ አወረደ። በሽማግሌ ደጃፍ ሌሊቱን የሚቀመጥ ሰው አንድ ቀን ትዕግሥቱ እንደሚያልቅ የፈጠረው ያውቃልና። 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ የወላጅ ናቸው፤ 25ኛው ግን የአስታማሚው ነው። እኔ ያችን ሴት አንድ አንቀጽ አስቀርቼባት አሰናብቻት ነበር።

ሕመሙን ስለ ማወቅ

እንግዲህ ስለ አስታማሚው ከመናገራችን በፊት ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል፤ ያላወቁትን ነገር መታገሥ ይከብዳልና። ሕዝባችን «ጃጀ» ይላል፤ ዐረቦች «ኸረፍ» ይሉታል፤ ሐኪሞች ደግሞ «ዲሜንሺያ» ብለው ይጠሩታል። ቁርኣን በሱረቱ ነሕል በ70ኛውና በሱረቱል ሐጅ በ5ኛው አንቀጽ ከሰዎች አንዳንዱ ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ወደ ወራዳ ዕድሜ እንደሚመለስ ይናገራል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደዚህ ዕድሜ ከመመለስ በአላህ ይጠበቁ እንደ ነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ነቢይ ከርሱ መጠበቂያን የለመኑበት ነገር በቤቷ ገብቶ የተጨነቀችን ሴት «ኢማንሽ ጎደለ» ልንላት እንዴት ይቻለናል?

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በአንዲት የሞተች ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ ያየውን ለውጥ ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጠ፤ ከዚህ ሕመም ዓይነቶች ዋናው ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ ሕመም የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ትዝታ ነው፤ የሩቁ ይቆያል። አባት የዛሬን ምሳ ረስቶ የልጅነቱን ከብቶች የሚፈልገው ስለዚህ ነው። አልዋሸም፤ አልቀበጠም፤ የቀረለት ዘመን ያ ስለ ሆነ በዚያ ይኖራል። «ሰረቅሽኝ» የሚለውም ልጁን ስለ ጠላ አይደለም፤ ያኖረበት ቦታ ከአንጎሉ ስለ ተፋቀ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጠው ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ከመቶ ከስድሳ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። ስለዚህ ይህ የአንድ ቤት እርግማን፣ የድግምት ወይም የጂን ሥራ ነው ተብሎ የሚደበቅ ነገር አይደለም። «ጂኑ ይውጣ» ብሎ ሽማግሌን መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ በገመድ ማሰር ግፍ ነው፤ አላህም ግፍን አይወድም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት ፈልጉ ብለው ሲያዝዙ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው፣ ከእርጅና በቀር፣ ማስተማራቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እስከ ዛሬም ይህን ሕመም ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ነገር ግን ድንገት የመጣ የአእምሮ መደናገር ሁሉ መጃጀት አይደለም። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር ወባ፣ በሙቀት ከሰውነት ውኃ ማለቅ፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም ያልተስማማ መድኃኒት የሽማግሌን አእምሮ በአንድ ቀን ሊያዞር ይችላል፤ በጊዜ ከታከመም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ የሚናገረው ቢጠፋበት «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የአስታማሚው ሦስት ኀዘኖች

የአላህ ባሮች ሆይ! የአስታማሚው ኀዘን ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ሳይሞት የሄደውን ሰው ማልቀስ ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እድሩ ይመጣል፤ ኀዘንተኛው ይጽናናል። አባቷ ስሟን የረሱባት ልጅ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ታዝናለች፤ «አላህ ያጥናሽ» የሚላት የለም። አባቷ በሕይወት ስላሉ ማልቀሷም እንደ ነውር ይቆጠርባታል።

ይህን ኀዘን የሚያውቅ ነቢይ ነበረ፤ እርሱም ያዕቆብ ነው። የዩሱፍ መሞት ሳይረጋገጥለት፣ በሕይወት መኖሩንም ሳያይ ብዙ ዘመን አዘነ፤ ከኀዘኑም የተነሣ ዓይኖቹ ነጡ። ሆኖም መልካም ትዕግሥት ያለው ነቢይ መሆኑ አልቀረም፤ ብሶቱን ለጌታው ያሰማ ነበርና። እንግዲህ ማልቀስ የሰብር ተቃራኒ አይደለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል።

በያዕቆብ ታሪክ ለቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የዩሱፍን ሽታ ከሩቅ ባሸተተ ጊዜ በዙሪያው የነበሩት እንደ ጃጀ እንዳይቆጥሩት ሠግቶ ነበር፤ እነርሱም በቀድሞው ስሕተቱ ውስጥ እንዳለ ነገሩት። እርሱ ግን እውነተኛ ነበረ። በሽማግሌ ንግግር ለመሳቅ የምትቸኩሉ ሆይ! በሚዘባርቀው ቃል ውስጥ የናፈቀውን ነገር ፈልጉ። «ከብቶቹ አልገቡም» የሚለው ሰው የጠየቃችሁ ከብት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የጠየቃችሁ «እኔ የማን ነኝ?» ብሎ ነው። ዛሬ በዚህ ክልል ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ይኖራሉ፤ በመካከላቸውም ጥለውት የመጡትን ቤት የሚፈልጉ አረጋውያን አሉ። አገሩን የለቀቀ ሰው ሲጃጅ ሁለት ጊዜ ይሰደዳል።

ሁለተኛው ኀዘን ቁጣና ከቁጣ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ነው። አስታማሚው ሃያኛውን ጥያቄ ሲሰማ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ወዲያው ያለቅሳል፤ «እኔ መጥፎ ልጅ ነኝ» ይላል። ለዚህ ሰው የምንለው ይህ ነው፤ የተከለከለው በወላጅ ፊት የሚወጣው የንቀት ቃልና መገላመጥ ነው። የሰውነት መዛልና የልብ መድከም ኃጢአት ተብሎ አልተጻፈም፤ አላህ ማንንም ከችሎታው በላይ አያስገድድምና። ቃል ካመለጠህ ወደ አላህ ተመለስ፤ የአባትህንም እጅ ሳም፤ በ25ኛው አንቀጽ የተገባልህንም ምሕረት አትጠራጠር።

«ያ አላህ! ውሰዳቸው» ላለችውም ሴት መልስ አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በደረሰበት መከራ ምክንያት ሞትን እንዳይመኝ ከልክለዋል፤ ግድ ከሆነበትም መኖር የሚሻል ከሆነ መኖርን፣ መሞት የሚሻል ከሆነ መሞትን መርጦ እንዲሰጠው አላህን ይለምን ዘንድ አስተምረዋል። እንግዲህ ያ ልመናሽ ልክ አልነበረም፤ ነገር ግን ከጥላቻ የመጣ አይደለም። የአባትሽን ሞት ሳይሆን የራስሽን እንቅልፍ ነው የለመንሽው። አላህም የለማኙን ቃል ብቻ ሳይሆን ልቡን ያያል። ከዛሬ ጀምሮ «ለእርሳቸውም ለእኔም የሚሻለውን ስጠን» በዪ።

ወሰኑ ግን የታወቀ ይሁን። መምታት፣ ማሰር፣ ማስራብ፣ በጨለማ ቤት ቆልፎ መሄድ፣ ገንዘባቸውን ለራስ ማድረግ ይቅር የሚባል ድካም ሳይሆን በደል ነው። እጅህ ሊነሣ ሲል ከተሰማህ ሽማግሌውን ከአደጋ ቦታ አርቀህ ጥቂት ፈቀቅ በል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካልበረደለትም ጋደም ይበል ብለው አስተምረዋል። እንግዲህ ፈቀቅ ማለት ወላጅን መተው አይደለም፤ ወላጅን ከራስ ቁጣ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ኀዘን ብቸኝነት ነው። ሁለቱ ኀዘኖች ከአላህ ፈተና የመጡ ናቸው፤ ይህ ሦስተኛው ግን ከእኛ ነው። አላህ ለወላጅ በጎ መዋልን ባዘዘ ጊዜ ለሴቷ ልጅ ብቻ ወይም ለቀረበው ልጅ ብቻ አላለም፤ ልጆችን ሁሉ አዘዘ። እኛ ግን የሁሉን ዕዳ በአንዲት ሴት ራስ ላይ ጭነን «አጅርሽ ይብዛ» እንላለን። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ከሚታመሙበት ሰዓት ከመቶ ሰባውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ከነዚህም ብዙዎቹ የልጅ ሚስቶች ናቸው። ልብ በሉ! ለአባቱና ለእናቱ ግዴታ ያለበት ልጁ ራሱ ነው፤ ሚስቱ አማቷን ብታስታምም በጎነቷ ነው እንጂ እንደ ዕዳ የሚጫንባት አይደለም ብለው ብዙ ሊቃውንት ተናግረዋል። ስለዚህ ባል ሆይ! የሚስትህን በጎነት እንደ ግዴታ አትቁጠርባት።

ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) አላህ ወደ ፊርዐውን በላከው ጊዜ በሱረቱ ጣሃ እንደ ተነገረው ከቤተ ሰቡ ረዳት ይሰጠው ዘንድ፣ ወንድሙም ሃሩን ኃይሉን ያበረታለት ዘንድ ለመነ። አላህም «ብቻህን ቻለው» አላለውም፤ ሰጠው እንጂ። ጌታው ያናገረው ነቢይ ረዳት ከጠየቀ አንዲት ሴት ወንድሞቿን «እርዱኝ» ብትል ምን ነውር አለባት?

የዚህችን ከተማ የቀድሞ ታሪክ የምታውቁ ሆይ! በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል የንግድ ጣቢያ ከሆነች ጀምሮ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከኻርቱም መርከብ ይመጣ ነበር፤ ከጎሬ ደጋም ቡና እየተጫነ ይወርድ ነበር። ያ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ወይም በአንዲት በቅሎ ጀርባ ብቻ ከጎሬ እስከ ኻርቱም አልደረሰም። ከተሸካሚ ወደ ተሸካሚ፣ ከጭነት ከብት ወደ መርከብ እየተላለፈ ነው የደረሰው። ሸክምን የሚያደርሰው መፈራረቅ ነው። የሽማግሌ ሸክም ደግሞ ከቡና ጆንያ ይከብዳል።

ይህን ቃሌን እናገራለሁ፤ ለእኔም፣ ለእናንተም፣ ለሙስሊሞችም ሁሉ አላህን ምሕረት እለምናለሁ። እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነውና።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ የአላህ እዝነትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! ምክር ያለ ሥራ ነፋስ ነውና ለሦስት ወገኖች ጥቂት ነገር እናገራለሁ።

ለአስታማሚዎች የምለው ይህ ነው። ሰልማንና አቡ ደርዳእ የሚባሉት ባልደረቦች በተነጋገሩ ጊዜ ሰልማን ለጌታህ ሐቅ እንዳለው ሁሉ ለነፍስህና ለቤተ ሰብህም ሐቅ አላቸው አለው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ ብለው አጸደቁለት። እንቅልፍና ምግብ፣ ከጎረቤት ጋር ሁለት ቃል መጫወት ለነፍስ ሐቅ እንጂ ስርቆት አይደለም።

ከሕመምተኛው ጋር አትከራከሩ። «አሁን ነገርሁህ እኮ» ማለት እርሱን ያሳፍራል፤ አንተንም ያደክማል። ያች ሴት «አባቴ ወደ ቤቴ ልሂድ ሲሉ ‹ነገ እንሄዳለን› ብላቸው ሐሰት ነውን?» ብላ ጠይቃኛለች። ማጽናኛን የፈለገ ሰው ልቡ እንደ ሐሰተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ስለ ከብቶቹ ስማቸውን ጠይቂያቸው፤ ስለዚያ አገር ያውጓችሁ፤ በትራቸውን ይዘው ከአንቺ ጋር ግቢውን ይዙሩና ይመለሱ። ወደ ወንዝ የሚወስደውን በር በማታ ዝጊ፤ እርሳቸውን ግን አትሰሪ። በቀን በሙቀቱ ጊዜ ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጫቸው፤ መጠማታቸውን ሊረሱት ይችላሉና።

ስለ ሶላታቸውም አትጨነቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ብዕር ከሦስት ሰዎች መነሣቱን አስተምረዋል፤ እነርሱም ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪደርስ፣ አእምሮውም ከጠፋበት ሰው እስኪመለስለት ድረስ ነው። ስለዚህ አባትህ ዙሁርን ሦስት ጊዜ ቢሰግድ ወይም ረከዓውን ቢያሳስት አትገሥጸው፤ አብረኸው ቁም፤ ካልቻለም ተወው። አእምሮው ፈጽሞ ለጠፋበት ሰው ጾምም የጾም ቤዛም እንደሌለበት ብዙ ሊቃውንት ተናግረዋል። አእምሮው በሚመለስለት ሰዓት ግን ሶላቱን እንዲሰግድ እርዱት። ጌታው ያቀለለትን እናንተ አታክብዱበት።

በሩቅ ላሉ ወንድሞችና እኅቶች የምለው ይህ ነው። የምትልኩት ገንዘብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብር ሌሊት አይነቃም፤ ብር ልብስ አይቀይርም። በዓመት አንድ ወር እንኳ መጥታችሁ በዚያ ቤት ውስጥ ተኙና አስታማሚዋን አሳርፉ። መምጣት ካልቻላችሁ የምትረዳትን ሠራተኛ ደመወዝ ክፈሉ። ስልክ ስትደውሉም አስቀድማችሁ «አባታችን እንዴት ናቸው?» ሳይሆን «አንቺ እንዴት አደርሽ?» በሉ። በሩቅ ተቀምጦ «ለምን ከሱ?» እያሉ መውቀስ ግን ምጽዋትን በመመጻደቅ እንደ ማበላሸት ነው።

ለዚህ ጀማዓ የምለው የመጨረሻው ነው። እኛ በዚህ ክልል ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ በጥቂቶች መካከል የተረሳ ቤት ካለ ማመካኛ የለንም። ሽማግሌውን ከባሮ ዳር የመለሰችው አኙዋ ጎረቤት የእኛን እምነት የምትከተል አይደለችም፤ የጎረቤትን ሐቅ ግን ከእኛ ቀድማ ጠበቀች። ለመስጂድ ጎረቤቶች ይህ ምስጋናም ተግሣጽም ነው።

መካ በተከፈተች ጊዜ አቡበክር ሽማግሌና ዓይነ ስውር የነበሩትን አባታቸውን አቡ ቁሓፋን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አመጧቸው። ነቢያችንም ሽማግሌውን በቤታቸው ትተህ እኔ ወደ እርሳቸው ብመጣ አይሻልም ነበርን የሚል ቃል ተናገሩ። ድል አድርገው በገቡበት በዚያ ታላቅ ቀን ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ለመሄድ ጊዜ ነበራቸው። እኛስ ምን ሥራ ያዘን?

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ ከሁለት ወጣቶች ጋር ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ልጅቱን «ከዐስር እስከ መግሪብ እኛ አለን፤ አንቺ ተኚ» አልናት። አላመነችንም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥታ በበር አየችን፤ በሦስተኛው እንቅልፍ ወሰዳት። ሽማግሌው ማን እንደ ሆንሁ አላወቁኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በትራቸውን አነሡ፤ እኔም ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ፋቲሓን በዝግታ መቅራት ጀመርሁ። ቁጭ አሉ። አንዲቱን ፊደል ጥቂት ባሳጠርኋት ጊዜ በበትራቸው መሬቱን መታ አድርገው እንደ ቀድሞ ተማሪያቸው አረሙኝ። ያ ሁሉ ከተፋቀ በኋላ ይህ ቀርቶላቸው ነበር። ልጃቸው ለመግሪብ ስትነሣ ፊቷ ሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ የተናገረችውም «ሼኼ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ?» የሚል ብቻ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ማታ ተራ ገብተናል። ይህን የምነግራችሁ ልመሰገን ብዬ አይደለም፤ አራት ዓመት የዘገየ ሰው አይመሰገንም። የምነግራችሁ ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ እንድታውቁ ነው። ዛሬ ከሶላት በኋላ እያንዳንዱ ከሰፈሩ እንዲህ ያለ ቤት ካለ ለኢማሙ ያሳውቅ፤ ወጣቶች ለሽማግሌዎች ወንዶች፣ እኅቶችም ለእናቶች ሰዓት ይመድቡ። ሌላ ሰው እስኪጀምር የሚጠብቅ ሰው ሁሉም ሰው እስኪያረጅ ይጠብቃል።

የአላህ ባሮች ሆይ! ዕድሜ ከሰጠን እኛም ወደዚያ እንሄዳለን። ዛሬ ለሌላው የምናነጥፈው ምንጣፍ ነገ የምንቀመጥበት ነው።

አላህ ሆይ! አእምሯቸው ለደከመባቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን እዘንላቸው፤ ከፍርሃትና ከመባዘን ጠብቃቸው። አላህ ሆይ! ሌሊቱን ነቅተው ለሚጠብቋቸው ልጆችና የልጅ ሚስቶች ብርታትን፣ እንቅልፍን፣ ረዳትንም ስጣቸው፤ ከድካም የተነሣ ያመለጣቸውን ቃል ይቅር በላቸው፤ ማንም ያላየውን ዕንባቸውን በሚዛናቸው አኑርላቸው። አላህ ሆይ! ወደ ወራዳ ዕድሜ ከመመለስ ባንተ እንጠበቃለን፤ ከጻፍህብንም የሚያዝንልን እጅ አታሳጣን። አላህ ሆይ! ለዚህች አገር ሰላምን፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በጎነትን፣ ለተሰደዱትም መመለሻን ስጣቸው።

የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ምስጋናም ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ወደ ሶላት ቁሙ።